የአባቴ በርጩማና የብራና ዳዊቱ

ዝናብ የመታው የዋልካ አፈር በሸተተኝ ቁጥር የሸሕዲ ክረምት ተመልሶ ይመጣብኛል፤ አብሮም በራሴ ላይ ተሸክሜው እየተንጠባጠበ አንገቴ ውስጥ ይገባ የነበረው እርጥብ ሣር ትዝ ይለኛል። ያን ሁሉ ሣር ማንም ተሸከም ብሎኝ አልነበረም።

አባቴ ከደጋ ወርዶ ሸሕዲ የሰፈረ መሪጌታ ሲሆን፣ ከከተማው ዳር ሰሊጥና ማሽላ እያረሰ በግቢያችን ዛፍ ሥር ለሰፈሩ ልጆች ዳዊት ያስተምር ነበር። ጊዜው የደርግ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር «የኔታ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል» እያለ ቢያሾፍበትም የገዛ ልጁን ከመላክ አልቦዘነም። አባቴ ከመምህሩ የተረከበው አንድ የብራና ዳዊትና አንድ በርጩማ ነበረው። በርጩማው ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስተምራል፣ ሙት ሲኖር ዳዊቱን ይደግማል፣ ሰፈሩም የኔታ ይለዋል። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስለመጣ ሁለቱን ለማን እንደሚያስረክብ እናቴ ደጋግማ ትጠይቀው ነበር። አንድያ ልጁ እኔ ስለነበርኩ መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን አንድ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ተመደቡለትና ከግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራዩ። ሚስተር ሲንግ እንላቸው ነበር። ነጭ ጥምጥም ያስራሉ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ይወርዳል። ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት ሠራተኞች ከጭነት መኪናው ሲወርዱ፣ ቄስ መስለዋቸው እየተንጋጉ መስቀል ሊሳለሙ ይጠጓቸው ነበር። ሚስተር ሲንግም መስቀል እንደሌላቸው ማስረዳት ሲያቅታቸው የሁሉንም እጅ ይጨብጡ ነበር።

በጋው ሲገባ እሁድ ከሰዓት ከአባቴ ጋር ከዛፉ ሥር መጨዋወት ለመዱ፤ ጎንደር ብዙ ዓመት ስላስተማሩ አማርኛቸው ያግባባ ነበር። አባቴ አንድ ቀን «እናንተስ መጽሐፍ አላችሁ?» አላቸው።

«አለን። መምህራችንም እሱ ራሱ ነው» አሉና ነገሩን ከሥሩ ጀመሩ። የመጀመሪያው መምህራቸው፣ ጉሩ የሚሏቸው፣ መዝሙር እየደረሱ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ነበሯቸው። ሲያረጁ ልጆቻቸውን ጭቃ የሚያንጠባጥብ የሣር ሸክም አንሱ ቢሏቸው ተጸየፉ፤ አንድ ተማሪያቸው ግን አንስቶ በራሱ ተሸከመው። በኋላም ያንን ተማሪ በቦታቸው አስቀምጠው ራሳቸው ሰገዱለት። መምህር በመምህር እየተተካ ሄዶ አምስተኛው መዝሙሩን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡት፤ የሌላ እምነት ሰዎች የደረሱትም ገባበት። አሥረኛው ደግሞ ከእኔ በኋላ ሰው መምህር አይባል፣ መምህራችሁ መጽሐፉ ነው ብለው አረፉ።

«ከሌላ እምነት ማን ማን ገባ?» አለ አባቴ።

«እስላም አለ። ሸማኔ አለ፤ ጫማ ሰፊም አለ።»

«ሣሩን የተጸየፉት ልጆችስ ምን አሉ?» ሲል ጠየቀ አባቴ።

«ትልቁ የራሱን መንገድ ያዘ» አሉ ሚስተር ሲንግ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሣሩን ብቻ ነበር። አባቴም አንድ ቀን እንዲህ እንደሚፈትነኝ አልተጠራጠርኩም።

ክረምቱ ሲገባ ለላማችን የሚታጨደውን ሣር ከሁሉም ቀድሜ እየነጠቅኩ፣ ጭቃው እንዲንጠባጠብ ሆን ብዬ እርጥቡን መርጬ፣ በአባቴ በርጩማ ፊት ቀስ ብዬ አልፍ ነበር። አንዳንዴ አላየኝ ይሆናል ብዬ ተመልሼ እንደገና አልፋለሁ። እናቴ ልብሴን ማጠብ ታክቷት «ይኸ ልጅ ምን ነካው?» ትል ነበር። ሣሩ ጊዜዬን ስለወሰደው ከዳዊቱ ትምህርት መቅረት አበዛሁ። በዚያው ሰሞን ጥበቡ የሚባል ከጎጃም ለአረም የመጣ ልጅ እግር ሠራተኛ፣ ዝናብ ሥራ ባስቆመ ቁጥር ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር፤ አገሩ ሳለ የቆሎ ተማሪ ነበር አሉ። እኔ እሱን ከቁብ አልቆጠርኩትም።

መስከረም ሲጠባ አባቴ ልጆቹን ሰብስቦ ዳዊቱን ለእኔ ሰጠኝና አንብብ አለኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ ተገተርኩ። አባቴ እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ተቀበለኝና ለጥበቡ ሰጠው። ጥበቡ በሁለት እጁ ተቀብሎ ተሳለመው፤ ሳይገልጠውም እኔ ከቆምኩበት ቀጥሎ በቃሉ ወረደበት። አባቴ ከበርጩማው ተነሣና እሱን አስቀመጠው።

«ኧረ የኔታ፣ ምነው፣ እኔ እኮ አረም ላርም የመጣሁ ነኝ» አለ ጥበቡ ሊነሣ እየታገለ።

አባቴ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠውና እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ «ከተሳሳትኩ አርመኝ» ብሎ መድገም ጀመረ።

ልጆቹ ሲበተኑ እንባዬ እየወረደ «ሣሩን የተሸከምኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ ራሴን እየዳበሰ። «ላሚቱም ጠግባለች።»

ሚስተር ሲንግን ኮንትራታቸው አልቆ እስኪሄዱ ድረስ ሰላም አላልኳቸውም፤ በርጩማዬን የወሰዱብኝ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ሸሕዲ ሞተር ሳይክል በዝቶባት የልጆች የዳዊት ድምፅ የሚሰማባት ግቢ እየጠፋ ነው። ጥበቡ ዳዊቱንና በርጩማውን ይዞ ሽንፋ የምትባል መንደር ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እኔም እንደዚያ እንደ ጉሩው ትልቅ ልጅ የራሴን መንገድ ይዤ ሰሊጥ ስነግድ ኖርኩ። አምና በክረምት ግን ሄድኩ። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል፤ በሕፃናት ተከብቦ ያስተምር ነበር። ሲያየኝ ከበርጩማው ተነሥቶ መጽሐፉን ዘረጋልኝና «የአባትህ ነው፣ ውሰደው» አለኝ። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ተቀብዬ ገለጥኩት፤ ያው ሦስተኛው መስመር ላይ ተገተርኩ።

መጽሐፉን በሁለት እጄ መለስኩለትና ከሕፃናቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«የኔታ» አልኳቸው ጥበቡን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ከሥር ልጀምር። ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።»