ልብስ ሰፊዋ የዘለለቻት መስመር

የራሷን ሂሳብ ለመጠየቅ አፏ የሚተሳሰር፣ የሰው ጉዳይ ሲሆን ግን ጠበቃ የምታስንቅ ሴት የትም አትጠፋም። ልብስ ሰፊዋ እንዲያ ነበረች። አባቷም ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ኖሯል፤ በኑዛዜያቸው የውርስ አጣሪ ያደረጉት ታላቁን ልጃቸውን ሳይሆን እሷን ነው።

ኑዛዜው የተነበበ ቀን ሦስቱ ልጆች ሳሎን ተሰበሰቡ። ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ፣ ባለ ጭነት መኪናው፣ ከወንበሯ ጀርባ ቆሟል። አርባ ዓመት ሞልቶትም ማሙሽ ከመባል ያልዳነው ታናሿ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አንባቢዋ እሷ ናት። ቤቱ ለሦስቱ እኩል፤ ደግ። አጣሪዋ እሷ፤ ይሁን። ከዚያ ዓይኗ አንዲት መስመር ላይ ሲያርፍ ፊቷ ጋለ። «ለድካሟ፣ ከድርሻዋ ሌላ፣ የኋላ ክፍሎቹ የስድስት ወር ኪራይ ይከፈላት» ይላል። አባታቸው በሞቱ በሳምንቱ፣ ወንድሞቿ ፊት፣ ለእኔ ይህን ያህል ተብሏል ብላ ልታነብ ነው? ይሉኝታ ያዛት። ዘለለቻትና ወደሚቀጥለው አለፈች። አይ ሞኝነት!

አጣሪነት ስሙ ያምራል እንጂ ሥራው የቢሮ ደጅ መጥናት ነው። ንብረቱን ከማንኪያ እስከ ቁም ሣጥን መዘገበች፣ ከተከራዮች ኪራይ ሰበሰበች፣ የአባቷን የሕክምና ዕዳ ከፈለች፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠገነች። ጋሼ ገና በሁለተኛው ሳምንት የአባታችንን መኪና ልውሰድ ቢላት፣ ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ ከግቢው ምንም ነገር አይወጣም አለችው። ሽጪልን ቢላትም የሦስቱም ፊርማ ካልተሟላ ለመሸጥ ሥልጣን እንደሌላት አስረዳችው። አኮረፈ። ያኩርፋ!

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። ሱቋ ግማሹን ጊዜ ዝግ ነበርና ደንበኞቿ ወደ ማዶው ሰፊ ሄዱ። አከራይዋም እስከ ወሩ መጨረሻ የተጠራቀመብሽን ካልከፈልሽ ልቀቂልኝ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበት ሱቅ እኮ ነው! ያቺን መስመር አሁን ብታወጣት ደግሞ ደብቃን ኖሮ ሊሏት ነው። ሦስት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። በአራተኛው ሁለቱንም ጠራቻቸውና ኑዛዜውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ሳነብላችሁ የዘለልኳት ነገር አለች አለቻቸው፤ ጣቷንም መስመሯ ላይ አኖረች። ማሙሽ ጎንበስ ብሎ አነበበና ግራ ተጋብቶ ቀና አለ። ጋሼ ግን ወረቀቱን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

«አውቃለሁ» አላት። «ያን ቀን ከጀርባሽ ሆኜ አብሬሽ አነብ ነበር።»

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልክ፣ ጋሼ?»

አገጩን አሻሸ። «አንቺ ዝም ስትይ ተመቸኝ» አላት።

 ለጭቅጭቅ እንጂ ለዚህ ተዘጋጅታ አልመጣችም። ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት በከረመችበት ጊዜ ጋሼ «እህታችን አይደለች እንዴ፣ ምን አለበት» ሲል በሰማችው ቁጥር በእህትነቷ ኮርታ ነበር። የማጣሪያውን ሰነድ ወደ እሱ ገፋች። ክፍያው መጨረሻው ላይ ተጽፏል። ፈርም አለችው፤ ፈረመ። ማሙሽም፣ ይቅርታ እትዬ እያለ፣ ፈረመ።

ሱቋን አልለቀቀችም። ከወር በኋላ ጋሼ እንደ ወትሮው ወገቡ የሰፋውን ሱሪ አንጠልጥሎ መጣ። አጠበበችለት፣ ተኮሰችው፣ አጣጥፋ ሰጠችው። አመስግኖ ሊወጣ ሲል ዋጋውን ነገረችው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስከፍላው አታውቅም። ከበሩ ተመለሰና ኪሱን ዳብሶ ከፈለ። እሷም መልሱን ቆጥራ ሰጠችው።