ባለቤት ያልተገኘላቸው ፕሮግራሞች

ኢልሞ ራውታቫ በብርዳማው ሰሜን ባለችው በኬሚ ከተማ ወደብ አጠገብ ያለ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነው። በረዶ ይጠርጋል፣ አምፖል ይቀይራል፣ የተደፈነ ቧንቧ ይከፍታል። የነዋሪዎቹ ማኅበር የሕንፃውን ሥራ ወደ ኮምፒውተር ያዞረ ጊዜ፣ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል የተቀመጠው ማሽንም በእሱ ኃላፊነት ሥር ሆነ። የውጭውን በር የሚከፍተው፣ የልብስ ማጠቢያውን ተራ የሚይዘው፣ ሳውናውን፣ ማለትም በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየተደፋ የሚታጠኑበትን የጋራ ክፍል፣ የሚያሞቀው ይኸው አንድ ኮምፒውተር ነው።

በመስከረም ማሽኑ ይዘገይ ጀመር። ነዋሪው የኤሌክትሮኒክ ቁልፉን በሩ ላይ አስጠግቶ በነፋስ ሲመታ ይቆያል፤ በሩም ደስ ባለው ሰዓት ይከፈታል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ራይሊ ሆልማ ጡረታ የወጣች የጉምሩክ ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ምድር ቤት ወረደች።

«ኢልሞ፣ ትናንት በሩ የተከፈተልኝ ተስፋ ቆርጬ በጓሮ ዞሬ ከገባሁ በኋላ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ብቻውን ሲከፈት ሌባ መስሎኝ ነበር።»

«አትቀልድ። በኅዳሩ ስብሰባ የጥገና ኩባንያ እንቅጠር የሚሉ አሉ። ኩባንያ ከመጣ ደግሞ የሚረከበው ኮምፒውተሩን ብቻ እንዳይመስልህ። አካፋውም፣ መጥረጊያውም፣ ያንተ ቦታም አብሮ ይሄዳል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ በሩ ሲከፈት ማየት ነው የምፈልገው» ብላ ወጣች።

ኢልሞ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማሽኑ ውስጥ ሳይታዩ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መስኮት ከፈተ። ስማቸው ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የኮምፒውተሩ የራሱ የሆኑትን አልነካም፤ አንድ ጊዜ ከእነሱ አንዱን አቁሞ ስክሪኑ ጨልሞበት ያውቃል። ከቀሩት ውስጥ የሚያውቃቸውን መረጠ። አንዱ የተጣለ ማተሚያ አሁንም የሚፈልግ ነው። ሌላው ከግድግዳው የተነቀለ ካሜራ የሚጠብቅ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ እያቆመ፣ በእያንዳንዱ ወደ ላይ ወጥቶ በሩን ሞከረ። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልዳነም።

የቀሩት ግን ስማቸው ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነበር። ማሽኑን የገጠመው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ያኔ ነው ኢልሞ የብስክሌቶቹን ደንብ ያስታወሰው። በየጸደዩ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ በብስክሌት ማስቀመጫው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ባለቤቱ እስከተባለው ቀን ስሙን ጽፎ ያላሰረበት ብስክሌት ይወሰዳል። በዚህ ደንብ ማንም ተጣልቶ አያውቅም። ስለዚህ የፕሮግራሞቹን ስም በወረቀት ገልብጦ ደረጃው ሥር ለጠፈ።

«ከእነዚህ የማንኛውንም ባለቤት የሚያውቅ ከጎኑ ስሙን ይጻፍ። እስከ እሑድ ባለቤት ያልተገኘለት ይቆማል። ኢልሞ።»

ነገሩ ለማንም እንግዳ አልሆነም። ሰው ሁሉ ቆሞ አነበበ። የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ የልብስ ማጠቢያው ነው ብላ የገመተችውን አንዱን መርጣ ስሟን ጻፈች። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ፔንቲ ከሌላው ጎን «ይሄ አማቴ ናት፤ ቶሎ ትቁም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ትሰማሃለች!» ተጨመረበት።

ሰኞ ጠዋት ኢልሞ የሴትዮዋን ትቶ የቀሩትን ሁሉ ባንዴ አቆመ። በሩ ቁልፍ ሲጠጋው ወዲያው ተከፈተ። ፔንቲ ሦስቴ ወጥቶ ሦስቴ ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኮ ቁልፉን ከኪሴ ሳላወጣ ነው የሚከፍትልኝ!»

ራይሊም ስታልፍ ራሷን ነቀነቀችለት። ኢልሞ ቦታውን ያዳነ መስሎት በዚያ ሳምንት ቅጠል ሲጠርግ ያፏጭ ነበር።

ሳውናው የሚሞቀው ሐሙስ ሐሙስ ነው። የመጀመሪያው ተራ የእትዬ ኬርቱ ነው፤ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ያላስነኩት ተራ። ሴት ልጃቸው ዘንድ ከርመው ረቡዕ ስለተመለሱ ማስታወቂያውን አላዩትም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የኢልሞ በር ተንኳኳ። እትዬ ኬርቱ ጋውን ለብሰው፣ ፎጣ ጠምጥመው፣ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ምን ሆኑ እትዬ ኬርቱ?»

«ምን እሆናለሁ፣ በረድኩ እንጂ! ገብቼ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ላይ ውሃ ደፋሁ። ዝም! ነፍሱን ይማረውና ባሌ እንኳ ውሃ ሲደፋበት ያጉረመርም ነበር።»

ኢልሞ ወዲያው ገባው። ካቆማቸው ፕሮግራሞች አንዱ ሳምንቱን ሙሉ ምንም ሳይሠራ ይተኛል፤ ሥራው ሐሙስ የሳውናውን ድንጋይ የሚያግለውን ምድጃ መለኮስ ብቻ ነው። ያቆመው ሰኞ፣ በተኛበት ነው።

የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። እትዬ ኬርቱን ከማሽኑ ክፍል ጎን ባለው ሳውና ምድጃው አጠገብ አቁሞ እሱ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፤ በመካከላቸው ያለው በር ክፍት ነው።

«አሁንስ?»

«ገና ነው!»

ሌላውን አስነሳ። «አሁንስ?»

«አንተ ልጅ፣ እግሬ ቀዘቀዘ!»

«ይሄኛውስ?»

«ቆይ... ጠቅ አለ! ቀይ መብራቱ በራ!»

ድንጋዩ እስኪግል ግን የእትዬ ኬርቱ ተራ ማለፉ ነው። ተከታዩ ተራ የራይሊ ነው። በዚያ ሕንፃ ሰው ስኳርም መሰላልም ይዋዋሳል፤ የሳውና ተራ ግን አይነካካም። ራይሊ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ስትመጣ ሁለቱን መተላለፊያው ላይ አገኘቻቸው። ኢልሞ እስክትጠይቀው አልጠበቀም።

«ምድጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሚለኩሰው ፕሮግራም ባለቤት አልተገኘለትም ነበር።»

«ወረቀቱን አይቼዋለሁ» አለች ራይሊ። «እኔም ዝም ብዬ አለፍኩት።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እትዬ ኬርቱ፣ ይምጡ አብረን እንግባ።»

«ሰብሳቢ ሆነሽ ደንብ ታፈርሻለሽ?»

«እርስዎ ካልገቡ እኔም አልገባም። ያኔ ድንጋዩ ለኢልሞ ብቻ ሊግል ነው።»

ሙቀቱ ሲደርስ ገቡ። ኢልሞ ምድጃው መልሶ እንዳይጠፋ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ ይሰማል።

«ኩባንያ ቢሆን ኖሮ እስከ ሰኞ ጋውን ለብሼ ነበር የምቀመጠው» አሉ እትዬ ኬርቱ።

«ኩባንያ ቢሆን መጀመሪያውኑም አያጠፋውም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን እነሱ ቢያጠፉት የማንን በር አንኳኳ ነበር?»

ከዚያ ድንጋዩ ላይ ውሃ ተደፋ፤ ቸስ ሲል ኢልሞ ድረስ ተሰማ።

ራይሊ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ወጣች። «የኩባንያው ጉዳይ ለጸደዩ ስብሰባ ይቆየን እላለሁ። አንተስ እስከዚያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ያቆምኳቸውን ሁሉ እመልሳለሁ። ከዚያ አንዱን ብቻ አቁሜ ሳምንት እጠብቃለሁ። ሐሙስ ሳያልፍ ሌላ አልነካም።»

«በወር አንዴ ብቻ የሚሠራ ቢኖርስ?»

ኢልሞ አገጩን አከከ። «እንግዲያው ወር እጠብቃለሁ።»

በኅዳሩ ስብሰባ ጉዳዩ ወደ ጸደይ ተላለፈ። በገና ዋዜማ ኢልሞ ካልታወቁት ፕሮግራሞች ሁለቱን አቁሞ ነበር፤ በሁለቱም የጎደለ ነገር አልተገኘም። በሩ እንደዚያ ሰኞ ባይፈጥንም፣ ነዋሪው ጫማው ላይ ያለውን በረዶ አራግፎ ሳይጨርስ ይከፈታል።