ጤነኛው ካልተለካ

አክስቴን ጄኔቫ ከቀበርናቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ "ዓይን ይዋሻል" ማለት ይወዱ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ እዚሁ ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ ሲወለድ ሐኪሟ፣ "የጤነኛ ወንድ ሕፃናትን የብልት ልክ ለጥናት እየመዘገብን ነውና ፍቀዱልን" አለችን። እኔ "ነውር ነው" ብዬ ወረቀቱን መለስኩ። አራሷን ሚስቴን ሊጠይቁ ጄኔቫ አጠገብ ካለችው ከኦኔ በባቡር የመጡት አክስቴ ሰሙኝ።

"ጤነኛው ካልተለካ የታመመው በምን ይታወቃል?" አሉ።

"እትዬ፣ ልጄ ምን ጎደለውና?"

"ምንም ስላልጎደለው ነዋ! አዲስ አበባ ሳለሁ አንዷን እናት በዓይኔ ገምቼ 'የልጅሽ ትንሽ ነው' አልኳት። ልጁ ደህና ነበር። እሷ ግን ዓመት ሙሉ ጎረቤት እንዳያይባት በሯን ዘግታ አጠበችው። አንተም ነውር አትበል፤ ፈራሁ በል።"

እውነት ነበር። መጽሐፍ አንብቤ ራሴን አስተማርኩ እያልኩ የምኮራው ሰው፣ ልጄ ከሌሎች ያንሳል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር። አባት ፍርሃቱን ጨዋነት ብሎ መጥራት የለበትም። ወረቀቱን መልሼ ተቀብዬ ፈረምኩ። አክስቴ ሕፃኑን እንዳይቀዘቅዘው ማስመሪያውን በመዳፋቸው አሙቀው ለሐኪሟ አቀበሏት። የልጁ ልክ ደህና ሆነ። እኔ ግን መፍራቴን አንድም ቀን አላመንኩላቸውም።

ትናንት ሁለተኛው ልጄ ተወለደ፤ እሱም ወንድ ነው። የልኩን ወረቀት ሳይጠይቁኝ ፈረምኩ። ሐኪሟ ፊቴን አይታ፣ "የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኳት። እውነቱን ተናገር የሚለኝ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።