አራተኛዋ ወፍ

ከዳባት እስከ ሳንቃ በር ባለው አገር ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን በገዛ ቤቱ ሠርቶ በካሴት የቀዳ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እውነቱ ጉራ ከመሰለ ጥፋቱ የእውነቱ ነው። ሬዲዮ መጠገን ማንም አላስተማረኝም። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ከመምህሩ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር። ዛሬም ደባርቅ ውስጥ ሞተ የተባለ ቴፕ መጨረሻው የኔ ሱቅ ነው፤ ከዚያ በእግሩ ይወጣል።

ባለፈው ሰሞን ማስተዋል የምትባል ልጅ ሱቄ መጣች። ከእኔ በታች ኮምፒውተር ቤት አላት፤ ለወጣቱ ዘፈን በስልክ ትጭናለች፣ ራሷም ዘፈን ትሠራለች። ያቀናበረችውን አሰማችኝና መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ስትነካ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከሥሩ ገባ። ምንድን ነው ብላት፣ አሮጌ ካሴት እንዲመስል ነው አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ ያንን ሽሽሽታ ለማጥፋት በልጅነቴ ጋቢ ለብሼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ዶሮ ከሰፈር አባርሬያለሁ፤ እሷ በጣቷ ነክታ ታመጣዋለች። ከመሳቢያዬ አንዲት ካሴት አወጣሁና «እንኪ፣ ዋናውን ስሚ» አልኳት።

ልጅ እያለሁ አባቴ ደባርቅ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሦስት የከበሩ ነገሮች ነበሩ፦ የስፌት መኪናው፣ ሬዲዮውና ከጎንደር የመጣው ቴፕ። የዚያ ቤት ሽታ አሁንም ይመጣብኛል፤ የመኪና ዘይት፣ አዲስ አቡጀዲ፣ ፀሐይ የመታው ባትሪ ድንጋይ። ያለቀ ድንጋይ ማስነሳት የኔ ሙያ ነበር። የሰፈሩ ሰው ያመጣልኛል፤ በጥርሴ ነክሼ፣ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ ተጨማሪ ሳምንት አሠራዋለሁ። ሌሎችም ልጆች ይነክሱ ነበር፤ የት እንደሚነከስ የማውቀው ግን እኔ ነበርኩ።

ቴፑ ሌላ ጉዳይ ነው። አባቴ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖት፣ ያለ ፈቃድ የነካሁት ቀን ዳባት ላለው ወንድሙ እንደሚሰጠው ነግሮኛል። አባቴ የተናገረውን የማይረሳ ሰው ነበር፤ የሰው ወገብ ልክ እንኳ ሳይጽፍ ለዓመታት ያስታውሳል።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ድንጋይ ነቅሎ ማምጣት ታክቷቸው ሬዲዮውን እንዳለ አምጥተው አስቀመጡልኝ። ከኛ ሬዲዮ አጠገብ አድርጌ ስከፍተው ሁለቱ ተያይተው «ዊ» አሉ። የአንዱን ጣቢያ መፈለጊያ በቀስታ ሳዞር ፉጨቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ። እጄን ሳስጠጋው እንደ ሰው አለቀሰ። ሌላ ልጅ ቢሆን ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ ይሮጥ ነበር። እኔ ዜማ መሆኑን ያን ጊዜውኑ አወቅሁ።

አባቴ ጨርቅ ሊገዛ ዳባት የወረደበትን ቀን ጠበቅሁ። ባዶ ጋን አጋድሜ ቴፑን አፉ ውስጥ አስገባሁ፤ ድምፁ ገደል ውስጥ እንደሚጠራ ሰው ሆነ። ሬዲዮዎቹን ግራና ቀኝ አድርጌ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። ለከበሮ ነው። የመኪናው ቀበቶ አንድ ቦታ ላይ የተቀጠለ ስለነበር፣ ቅጥሉ በዞረ ቁጥር ያንኳኳል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጓ። በእጄ ፉጨቱን፣ በእግሬ ከበሮውን፤ ካሴቱ እስኪያልቅ ሠራሁ። መጨረሻው ላይ የእትዬ ዘውዴ ፍየል አንገቷን በበር አስገብታ አንዴ «ሜእ» አለች። ተናደድኩ፤ ግን ሊፋቅ አይችልም።

ካሴቱ የኔ አልነበረም። በቤቱ የነበረው እሱ ብቻ ነው። መሪጌታ ጥበቡ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህሩ፣ ተማሪያቸው ዲያቆን አዳነ አባቱ ታሞበት ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ አገሩ ወደ በየዳ ስለገባ፣ የቀረውን ትምህርት በኛ ቴፕ ቀድተውለት ነበር። መጀመሪያ ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ እንጂ በፕላስቲክ አይሄድም ብለው እንቢ ብለዋል፤ አባቴ ነው ያግባባቸው። በየዳ ያለው የጤና ጣቢያ ድሬሰር ቴፕ ስለነበረው ልጁ እዚያ ሊሰማው ነው። እኔም ካሴቱን አዳምጬ፣ መሪጌታ ሲስሉና ዝም ሲሉ፣ አለቀ ብዬ ከዚያ ወዲያ የኔን ቀዳሁ። በማግስቱ አንድ በቅሎ ነጂ ካሴቱን ይዞ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ለአባቴ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ከሳሌ በኋላ ያለችውን ክፍል አደራ ይያዛት። ውሃ ጠጥቼ ነው ያወረድኳት። ፈተናው እሷ ናት።» በቅሎው ያን ጊዜ ሳንቃ በርን አልፏል።

ሁለት ወር ሙሉ ልጅ አልነበርኩም። ቴፑን ባየሁት ቁጥር የምሰናበተው ይመስለኛል። አጎቴ ደግሞ ከዳባት በመጣ ጊዜ ሁሉ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ያየዋል።

ዲያቆን አዳነ ዝናቡ ሲያባራ መጣ። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነበር፤ ፈተናውን ቢወድቅ ዓመት ሙሉ ሊደግም ነው። በመሪጌታ ግቢ ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ፤ አባቴም የቴፑ ባለቤት ነውና ተጠራ፣ እኔንም አስከተለኝ። ልጁ መቋሚያውን ይዞ ጀመረ። የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ውሃ አወረደው። ከዚያ ሳለ። መሪጌታ እንዳሉት አድርጎ ሳለ። ዝም ያሉትን ያህል ዝም አለ። ዓይኑን ጨፈነና፣

«ዊ... ዊው... ኡዊ...»

ወጣ፣ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ። በመቋሚያው መሬቱን ይመታል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጓ። አንዲት አልሳተም። አንዱ ተማሪ ነጠላውን አፉ ውስጥ ከተተ። ልጁ መጨረሻው ላይ ደርሶ፣ በታላቅ ትሕትና፣ «ሜእ» ብሎ አቆመ።

መሪጌታ ልጁ ከካሴቱ የጻፈበትን ወረቀት ተቀብለው አዩት። ከፉጨቱ ፊደል በላይ የዜማውን ምልክት ሁሉ በቀይ ቀለም አኑሮበታል፤ ርክርኩን፣ ቅናቱን፣ ድፋቱን።

«የኔታ፣ እርስዎ ካሉት አንዲት አልጣልኩም» አለ አዳነ። «የመጨረሻዋ ላይ ግን ምልክት አጣሁላት።»

መሪጌታ ጢማቸውን ያዙ። «ዜማን ያስተማሩት ሦስት የሰማይ ወፎች ናቸው» አሉ በዝግታ። «ይህች አራተኛዋ ከየት በርራ መጣች?»

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አባቴ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ጓ»ን ያስብ ነበር። «የኔታ» አለ በመጨረሻ፣ «ወፏን አላውቃትም። እግሯ ግን የኔ መኪና ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አመንኩ። አባቴ ምንም ሳይቆጣ፣ ቴፑ ነገ ዳባት ይወርዳል አለ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መሪጌታ ግን መጀመሪያ ለልጁ ፈረዱ። «የመምህሩን ሳል ያልጣለ ዜማም አይጥልም» ብለው አሳለፉት፤ የጠፋችውንም ክፍል በሦስት ቀን ከአፋቸው ሰጡት። ቀጥለው ቴፑን፣ አዳነ መልሶ ካመጣው ካሴት ጋር፣ አስመጡና የኔን ሥራ አቀርቅረው እስከ ፍየሏ ድረስ ሰሙ። ደግመው ሰሙ። «ልብ የሚነካ ነገር አለው» አሉ፤ «ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ይሁን እንጂ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ይህን ቴፕ ዳባት ብትሰደው እዚያ ማን እንዲህ ያስለቅሰዋል?» አሉት። አባቴ ለመምህር እንቢ አይልም። ቅጣቴ የመሪጌታን ካሴቶች ሁሉ የጀርባ ጥርስ መስበር ሆነ፤ ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ሌላ ድምፅ አይቀዳበትምና። ሁሉንም ሰበርኩ። ንጹሕ አድርጌ ነው የሰበርኩት። ቴፑ ቤት ቀረ፤ ያችም ካሴት ለኔ ተሰጠችኝ፣ «አራተኛዋ ወፍ» የሚለው ስምም አብሮ።

ማስተዋል ካሴቷን ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ የኔ ኮምፒውተር የሺህ ከበሮ ድምፅ አለው፤ እንደዚህ የሚያነክስ ግን አንድም የለውም» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ያን ጊዜ ድምፅ ለማግኘት ጎረቤት፣ ጋን፣ የአባት መንገድ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም በጣት ጫፍ አለ፣ የሚፈራ ብቻ ነው የጠፋው። እኔ ያንን የሠራሁት እየፈራሁ ነው፤ ፍርሃቱም ካሴቱ ውስጥ አለ፣ ይሰማል።

አባቴም መሪጌታም ዛሬ የሉም። አዳነ ግን አለ፤ በየዳ ውስጥ እሱ ራሱ የኔታ ሆኗል። አምና ለሕክምና ደባርቅ ወርዶ ሱቄ ገባ፤ የኔ ካሴት እየሳሳና እየደበዘዘ ሲሄድ፣ የእሱ ጉሮሮ አንዲት አልጣለም፤ ከሳሉ ጀምሮ ያንኑ ዜማ አወረደልኝ።

እንግዲህ ሥራዬ ይቆጠር። ባትሪ ድንጋይ በጥርሴ አስነስቻለሁ። ሁለት ሬዲዮ አጋብቼ አዘምሬያለሁ። የስፌት መኪና ከበሮ አድርጌያለሁ። ቴፑን ከዳባት አድኛለሁ፤ ዛሬም ሱቄ ውስጥ ይሠራል፣ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። አንድ መሪጌታ ሁለቴ አስደምጫለሁ። በየዳ ድረስ ተሰምቻለሁ፣ ያውም ያለ ባትሪ። ለፍየሏም፣ አምና ከአዳነ ጋር አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጠን፣ ምልክት አውጥተንላታል።