አስታማሚዬም እኔው ነኝ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ ሁለት መልእክት ገባ። አንዱ «ቀጠሮዎ ዛሬ 3 ሰዓት ነው» ይላል። ሌላው «ታማሚዎን ይዘው እንዲመጡ» ይላል።

እዚህ ሚዛን ከተማ የምታከምበት ክሊኒክ ቀጠሮ መያዙን በስልክ አድርጎታል። ፎርሙ የአስታማሚ ስም ካልሞላሽበት አያልፍም። ማንን ልጻፍ? የራሴን ስምና ቁጥር ሞላሁ።

እናም ታማሚዬን ይዤ ሄድኩ። (ብዙም አላስቸገረችኝም።)

በአስር ደቂቃ ጨርሼ ወጣሁ፤ ወረፋ የለ፣ ግፊያ የለ። ያኔ በወረፋው ዘመን ግን ከሸኮ የመጡ አንዲት እናት «ብቻሽን ነሽ እንዴ? ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» ብለውኛል። ስሜ ሲጠራም «አለች!» ብለው የጮኹልኝ እሳቸው ነበሩ።

የሚቀጥለውንም ቀጠሮ በስልክ ያዝኩ፤ ይቀላላ! የአስታማሚ ስም ጋ ስደርስ ግን የእኚያን እናት ስም አለመጠየቄ ቆጨኝ።

እናንተስ እዚያ ቦታ ላይ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?