ለአቶ ተክለጻድቅ ጉንጭ የተሠራ ምላጭ

ተድላ ቦንጋ ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባጃጆች ከሚደረደሩበት መንገድ ጀርባ ብረት ይቀጠቅጣል። ገጀራ፣ ማጭድና ዶማ ይሠራል። አባቱም አያቱም ቀጥቃጭ ነበሩ። በአካባቢው ቀጥቃጭነት ዛሬም በክፉ ዓይን የሚታይበት ቤት አለ። እሱ በሠራው ገጀራ ማሳውን የሚመነጥር ሰው ከእጁ ቆርሶ ለመብላት ሲሆን ያመነታል።

በዛወርቅን ሊያገባ የላካቸው ሽማግሌዎች እስከ መንደሯ ደካ ድረስ ወጥተው ባዶ እጃቸውን ነበር የተመለሱት። አባቷ አቶ ተክለጻድቅ ሽማግሌዎቹን በደንብ ካስተናገዱ በኋላ ልጃቸውን ለቀጥቃጭ እንደማይሰጡ ነገሯቸው። በዛወርቅ በዚያው ሳምንት ልብሷን በፌስታል ይዛ ቦንጋ ወረደች። አባቷ አልረገሟትም፤ ግን ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ተወልደው ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ቤቷ ብቅ አላሉም።

ባለፈው ክረምት አቶ ተክለጻድቅ በራቸው ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ በዛወርቅ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው። ተድላ መኝታ ክፍሉን ለቀቀላቸውና እሱና ቤተሰቡ ሳሎን መተኛት ጀመሩ። አቶ ተክለጻድቅ ለሰላምታው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከእጁ ግን ውሃ እንኳ አይቀበሉም። ብርጭቆውን ሲያቀርብላቸው ወደ በሩ ያያሉ። በዛወርቅን መፈለጋቸው ነው። ተድላም ብርጭቆውን አስቀምጦ ይጠራላቸዋል። ይከፋው ነበር፤ ነገር ግን በታመመ ሰው ላይ ቂም መያዝ አልሆንልህ አለው።

ሽማግሌውን ከበሽታው ይልቅ የጎዳቸው ጢማቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅዳሜ ማታ ተላጭተው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ናቸው። አሁን ግን ቀኝ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ቆዳው ተንጠልጥሏል። የፕላስቲኩ ምላጭ ቆረጣቸው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ ደግሞ መድማቱ ቶሎ አልቆመም። ፀጉር አስተካካዩ ነቢዩ እስከ ቤታቸው መጥቶ በማሽን ሞከረ፤ ማሽኑ የላላውን ቆዳቸውን ነከሰው። ከዚያ ወዲያ ማንንም እምቢ አሉ። ጠያቂ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ቀን በዛወርቅ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ተድላ አገኛት።

“አባቴ ሰው እንዲያያቸው አይፈልጉም” አለችው።

በማግስቱ ተድላ ነቢዩ ዘንድ ሄዶ ጉዳዩን አዋየው። ነቢዩም አሠሪው የነበሩ ሰው የተዉለትን፣ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ አሮጌ ምላጭ ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየው። ዝጎ ስለቱ ተበልቷል። ተድላ ግን ጀርባው ወፍራም፣ ሆዱ ጎድጎድ ያለ መሆኑን በጣቱ ዳሰሰ። ክብደቱ ራሱ ስለሚሠራ የላጪው እጅ መጫን አያስፈልገውም። ለሽማግሌው የሚሠራላቸው ግን ከዚህ ጠበብ ማለት አለበት፤ ጎድጓዳ ጉንጭ ውስጥ መግባት አለበት፤ ጫፉም ክብ እንጂ ሹል መሆን የለበትም።

ገጀራ የሚሠራበትን የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ሞከረ። ስለቱ ቶሎ ደነዘዘ። አንድ ጋራዥ ያለ ወዳጁ ጎማ የሚዞርበትን የአሮጌ ኩሽኔታ ቀለበት ሰጠው፤ ያ ብረት ጠንካራ ነው፤ ሲቀጠቀጥም እምቢተኛ ነው። ቀለበቱን አቃንቶ፣ አሳስቶ፣ አግሎ ዘይት ውስጥ ሲነክረው ጥቅ ብሎ ተሰነጠቀ። ተድላ ስንጥቁን እያየ ትንሽ ተቀመጠ። ለሚቀጥለው ቀለበት ዘይቱን ቀድሞ ሞቅ አደረገው፤ ብረቱም ሳይሰነጠቅ ወጣ። ከዚያ ቀለሙ ገለባ እስኪመስል በጋለ አሸዋ ላይ ቀስ ብሎ አሞቀው። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ በሞረድ ሆዱን ጎድጎድ አደረገው፤ በድንጋይ ሳለው፤ በመጨረሻም በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ላይ እያመላለሰ አለሰለሰው። እጀታውን ከበሬ ቀንድ ሠራ። ቀንዱ ሲታሸት እንደ ማር ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ የራሱን ጉንጭ ላጨበት። አገጩ ሥር ተቆርጦ ሲመጣ በዛወርቅ ብዙ ቀን ያልሰማውን ሳቅ ሳቀች። ምላጩን የሠራው ለእሷ እጅ ነበር። አባቷ ከእሷ በቀር ማንም እንዲነካቸው እንደማይፈልጉ ያውቃል። ነቢዩም ቆዳው በሌላው እጅ እንዴት እንደሚወጠር አሳያት።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷን ትራስ አስደግፋ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ አድርጋ፣ ፊታቸውን በሞቀ ውሃና በሳሙና አራሰች። ምላጩን ከፈተች፤ ግን ወደ ጉንጫቸው አስጠግታ መለሰችው፤ እንደገና አስጠግታ መለሰችው። ሽማግሌው ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ቀንዱን ዳሰሱ፤ ክቡን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ነኩት፤ አጠፉት፤ ከፈቱት። ተድላ በሩ ላይ ቆሟል።

“የባልሽ ሥራ ነው?” አሉ በተሳሰረ አንደበት።

“አዎ፣ አባባ።”

ሳሙናው ጉንጫቸው ላይ መድረቅ ጀምሯል።

“እንግዲያው እሱ ይላጨኝ።”

ተድላ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ጥፍሩ ሥር ያለው የከሰል ጥቁረት እንደሁ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም። በዚያው እጁ የአማቱን ጉንጭ ያዘ፤ የተንጠለጠለውን ቆዳ ወደ ጆሯቸው ቀስ ብሎ ወጠረውና ምላጩን አሳረፈ። ጢሙ ሲቆረጥ ትንሽ ሲርሲር የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ጎድጓዳው ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ ሳይጠየቁ አገጫቸውን ቀና አደረጉለት። የደም ጠብታ እንኳ አልታየም።

በዛወርቅ መስታወት ስታመጣ ሽማግሌው መጀመሪያ ያዩት ራሳቸውን አልነበረም፤ በመስታወቱ ውስጥ ኋላቸው የቆመውን ተድላን ነበር። ከዚያ ውሃ ጠማኝ አሉ። ተድላ እንደልማዱ ሚስቱን ሊጠራ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። ብርጭቆውን እሱ አቀረበላቸውና እስከ መጨረሻው ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። ሽማግሌው አንደበታቸው እየተፈታ ሲመጣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ማር ቆረጣና ስለ ደካ ብርድ ያጫውቱት ጀመር። ተድላ ብዙም አይመልስም፤ ስለት ይዞ ማውራት አይወድም።

ከገና በኋላ ከደካ አቶ ኢሳያስ የሚባሉ ጎረቤታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። አቶ ተክለጻድቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ፊታቸው ጥርት ብሏል። እንግዳው የትኛው ፀጉር ቤት እንደላጫቸው ጠየቁ።

“ልጄ ነው” አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ተድላ እያመለከቱ።

አቶ ኢሳያስ ነገሩን ያውቃሉ፤ የዚያን ጊዜ ለጋብቻው የተላኩት ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ እዚያው ነበሩ። የራሳቸውን ሻካራ ጢም ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ለእሳቸውም ይላጫቸው እንደሆነ ተድላን ጠየቁት። ይህኛው የአባባ ብቻ እንደሆነ፣ ምላጭም ለሁለት ሰው እንደማይሆን ነገራቸው። ከዚያ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ፤ አገጫቸውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረና የጉንጫቸው አጥንት እንዴት እንደተሠራ በጥንቃቄ ያይ ጀመር።