አነበብኩት፣ ጳውሎስ

ባለፈው ሰኔ ለጉዳይ ከቦዲቲ ወደ ሶዶ ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። መጠለያ ሳጣ በሩ ክፍት ወደሆነ አንድ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። መግቢያው ላይ «ሠራተኞቻችን ይህን ይመክራሉ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። መጻሕፍት አሉበት፣ ፊልሞች፣ ተከታታይ ድራማዎች፣ ፖድካስት የሚሉትም አለ። ከእያንዳንዱ ሥር የመካሪው ስም ተጽፏል። ልብሴ ውሃ እያንጠባጠበ ቆሜ ስሞቹን ብቻ አነበብኩ። ሌላውን አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ ጳውሎስ በዚሁ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። የድሮዋን ቤት ነው የምለው፤ ዝናብ ቆርቆሮዋን ሲመታ ሰው ከሰው የማይደማመጥባትን። ጊዜው ያለፈው መንግሥት ዘመን ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የሚባል ስብሰባ የሚያስፈራበት። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ።

ጳውሎስ ከሳሙና ሣጥን ጣውላ አንዲት መደርደሪያ ሠርቶ በሩ አጠገብ አቆመ። የወደደውን መጽሐፍ እዚያ ያስቀምጥና ከሥሩ ወረቀት ይለጥፋል። «አነበብኩት። እስከ መሃሉ ይጎተታል፣ ከዚያ ወዲያ እራት ያስረሳል። ጳውሎስ።» ሁልጊዜ «አነበብኩት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያላነበበው ነገር እዚያ አይቀመጥም። በሬዲዮ የሰማውንም ድራማ ይጽፍ ነበር፦ «ሰማሁት። ጥሩ ነው፣ ልጅቷ ግን ለቅሶ ታበዛለች።» ቪዲዮ ቤት ስለሚታየው ፊልምም አንድ ጊዜ እንዲህ ጻፈ፦ «አየሁት። ጩኸት ነው። በገንዘባችሁ የበቆሎ እሸት ብሉበት።»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ተቆጥቶ መጣ። እንጀራዬን ልትዘጋው ነው ወይ አለው። ጳውሎስም ደህና ፊልም አምጣ፣ ሰው እኔ እልክልሃለሁ ብሎ መለሰለት። ሰውየው እያጉረመረመ ሄዶ ሌላ ፊልም አመጣ። ጳውሎስ አይቶ ወደደው፣ ጻፈለት፣ ቪዲዮ ቤቱም ሞላ።

መጽሐፍ ስንዋስ መታወቂያ እናስይዛለን። ስንመልስ ደግሞ ጳውሎስ መታወቂያውን ይዞ «ምን አለህ?» ይላል። መጽሐፉ ምን ነገረህ ማለቱ ነው። መልስ የሌለው መታወቂያውን ለማግኘት ይቆያል። ወንድሙ ነኝ ብሎ ነገር የለም። «ታ ኢሻው» ይለኛል፣ ወንድሜ ማለት ነው በወላይትኛ፤ «መጽሐፉን አነበብከው ወይስ አቅፈኸው ነው ያደርከው?» ከኋላዬ የተሰለፉት ይስቃሉ።

አንድ ክረምት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የታሰረ ጥራዝ አስጭኖ መጣ። ስለ ልማቱ፣ ስለ አመራሩ የሚያወራ መጽሔት ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የጳውሎስን መደርደሪያ መሆኑን ሰምቶ ኖሮ፣ እዚያ ላይ አስቀምጥና ስምህን ጻፍበት አለው። ጳውሎስ አላነበብኩትም አለ። ኃላፊው፦ «ማን አንብብ አለህ? ጻፍ ነው ያልኩህ።»

ማታ ቆጮ በዳጣ እየበላን ይህን ነገረን። እናቴ ጻፍላቸውና ተገላገል አለችው። እሱ ግን ቅዳሜ መጽሔቱን ይዞ ግቢያችን አቮካዶው ሥር ተቀመጠ። ያነበበው ከልቡ ነው፤ ይህን አይቻለሁ። ገጽ ይገልጣል፣ ይመለሳል፣ ያዛጋል። በመጨረሻ መጽሔቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኛ። የዝናብ ጠብታ ፊቱ ላይ ሲወርድ ነው የነቃው። ሰኞ ወረቀቱን ለጠፈ።

«አነበብኩት። እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው በጣም ይጠቅማል። ጳውሎስ።»

ተማሪው ሁሉ ሊያየው መጣ። እናቴ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሱ ግን ቀልድ አድርጎ አላየውም። «ሌላ ምን ልጻፍ?» አላት፤ «እንቅልፍ ወሰደኝ እኮ።»

ግምገማው ላይ አልነበርኩም። አብራው የምትሠራው አስቴር ናት የነገረችን። ግለ ሂስ አድርግ አሉት። እሱም፣ ከመካከላችሁ መጽሔቱን ያነበበ ካለ ይነሳና ይንገረኝ፣ ተሳስቼ ከሆነ ወረቀቱን አነሳለሁ አለ። የተነሳ የለም። አስቴር ይህን ስትነግረን አንገቷን ደፍታ ነበር። እሷም አላነበበችውም።

ብዙም ሳይቆይ ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል ወደ ሃላሌ ተዛውረሃል የሚል ደብዳቤ ደረሰው። እዚያች ሩቅ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይከፈታል ተብሎ ነበር። ሲሄድ ያገኘው ባዶ ክፍልና ባዶ መደርደሪያ ነው። ሥራ ፈቶ እንዳይቀመጥ ያንኑ መጽሔት አሸክመው ወደ ኦሞ በኩል ወዳሉት ቆላ ቀበሌዎች ያወርዱት ጀመር። እንዲያድል። አንድ ቀን ለእሁድ መጥቶ በሳቅ ነበር የነገረን፤ ገበሬዎቹ ወረቀቱን ጨው ይጠቀልሉበታል፣ በመጨረሻ አንባቢ ባይሆን ተጠቃሚ አገኘ አለ። ዓይኑ ግን ቢጫ ሆኖ ነበር። የቆላው ወባ ያኔውኑ ይዞት ኖሯል።

ለመስቀል ይመጣል ብለን ጠበቅነው። በእኛ አገር ለመስቀል ከቤቱ የሚቀር የለም። ቅርጫ ውስጥ ድርሻው ተይዞለት ነበር። መጣም፣ በጭነት መኪና፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ። ጎረቤት በሬ እየጣለ፣ ሴቶቹ ቅቤ እያነጠሩ ሳለ። የሱን ድርሻ ሥጋ ለቀስተኛ በላው። ከዚያ ወዲህ የመስቀል ቅቤ ሽታ... ይቅር፣ ይህን መጻፍ አልችልም።

ኃላፊው ለቅሶ ደርሶ ንግግር አደረገ። የንባብ ወዳጅ አጣን አለ። እናቴ አማርኛ ብዙ ስለማትሰማ የገባት ልጇን ማመስገኑ ብቻ ነው፤ እጁን ይዛ አመሰገነችው። ሌላ ያየሁት ሁሉ ቢረሳኝ ይህ አይረሳኝም።

ትምህርት ሲከፈት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። መደርደሪያዋ ቦታዋ ላይ ናት። ያ መጽሔት ተደርድሮባታል። ከሥሩ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት፦

«አነበብኩት። በጣም ይጠቅማል። ጳውሎስ።»

«እሱ እንዲህ አላለም» አልኳት አስቴርን።

«አውቃለሁ። አስጽፈው አምጥተው ነው። ተወው የኔ ወንድም። ቢያንስ ስሙ አለ።»

ገንጥዬ ቀደድኩት። በሳምንቱ ስመለስ ሌላ ተለጥፏል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት አልገባሁም። ከሁለተኛ ደረጃ በላይም አልተማርኩም።

እንግዲህ በሰኔው ዝናብ ሰሌዳው ፊት ስቆም ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ጠረጴዛው ጋ የነበረች ወጣት ሠራተኛ ፎጣ ነገር አቀበለችኝና የፈለጉት አለ ወይ አባቴ አለች። ከሰሌዳው ላይ የሷ ስም የትኛው ነው አልኳት። አንድ ፊልም አሳየችኝ።

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም» አለች። አላፈረችም፣ አልደነገጠችም። «ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ስም አስገቡ ተባልን።»

ልጅ ናት። ፎጣውን መለስኩላት። እርስዎም የሚመክሩት ካለ ይጻፉልን ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችልኝ። ጥቂት ያዝኩትና ባዶውን መለስኩት።

ዝናቡ አላባራም ነበር፤ ወጣሁ። የወንድሜ መቃብር ላይ የቆመው እንጨት ምስጥ ከበላው ቆይቷል፣ ስሙም አብሮ ሄዷል። ለመጨረሻ ጊዜ ተጽፎ ያየሁት እዚያች መደርደሪያ ላይ ነው፤ ካላለው ቃል ሥር።